532 ስለሚባለው ቍጥር

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ የበዓላቱ ሥርዓት ከነዕለቱ መቼ እንደሚመለስ ቢጠይቅ፥ መምህሩ በማባዛት ሊያሳየው ይችላል። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የተባለው 532 ነው፤ ይኸውም 4ቱ ወንጌላውያን፥ 7ቱ ዕለታትና ጨረቃ ወደ ሥርዓቷ የምትመለስባቸው 19 ዓመታት እርስ በርስ ተባዝተው ነው።

ተማሪ 4 በ19 ተባዝቶ የሚሰጠው 76 ይበቃል ይል ይሆናል፤ ነገር ግን አይበቃም። በ76 ዓመት ወንጌላዊውና ጨረቃዪቱ ይመለሳሉ፥ ዕለቱ ግን 4 ቀን ያልፋል። መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰኞ ነበረ፤ በ2086 ዓ.ም. ዓርብ ይውላል። 4፥ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና፥ 76 ሰባት ጊዜ መመላለስ አለበት።

ደግሞ 532 ከራሱ በቀር 11 አካፋዮች አሉት፤ ድምራቸው 588 ሆኖ ከራሱ ስለሚበልጥ፥ ከትርፍ ቍጥሮች ወገን ይቈጠራል።