ከበሽታ የተረፈችው የቡና ዛፍ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር የብዙው ገበሬ ኑሮ ቡና ነው። አንድ ፈረሱላ ቡና ለጎረቤታችን ብንሰጥ ከጆንያችን ይጎድላል። እውቀት ግን እንዲህ አይደለም። ብንሰጠውም ከእኛ ዘንድ አይጠፋም። የተቀበለን ሰውም የራሱን ይጨምርበታል። እንዴት? እስቲ ከቡና ታሪክ እንማር።

በ1963 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን አዲስ በሽታ ታየ። የቡና ፍሬ በሽታ ይባላል። ፍሬውን የሚይዘው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ፍሬው ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጥብ ይወጣል። ከዚያ ፍሬው ይረግፋል፤ ወይም ጠቁሮ ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። ብዙ ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበትን አጣ።

መድኃኒት መርጨት ውድ ነው፤ ለሁሉም አይዳረስም። ነገር ግን ሁሉም ዛፍ አልታመመም። በታመሙት መካከል ፍሬዋ ደህና የሆነ ዛፍ አልፎ አልፎ ትገኝ ነበር። የጅማ እርሻ ምርምር ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን ዛፎች እየዞሩ ፈለጉ። ዘራቸውን ወስደው ችግኝ አፈሉ። ሆን ብለው በሽታውን እያስያዙ ፈተኑ። የጸኑትን መረጡ።

ከተመረጡት አንዱ 74110 ይባላል። የተገኘው ኢሉባቦር ውስጥ፣ በመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተባለ ቦታ ነው። 74 የሚለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 መመረጡን ያሳያል። ዛፏ ሳትታወቅ ብትቀር ኖሮ ጥቅሟ ለአንድ ጓሮ ብቻ ነበር። ስለታወቀች ግን ዘሯ በብዙ ወረዳ ተተከለ፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ።

እኛስ ምን እናድርግ?

በሽታው በዝናብ ጠብታና በለቃሚ እጅ ይተላለፋል። ስለዚህ የአንዱ ማሳ ሕመም ለጎረቤቱም ነው። ጥቁር ፍሬ ያየ ሰው አይደብቅ። ለጎረቤቱና ለልማት ሠራተኛው ይንገር።

ችግኝ ስንወስድ ዘሩ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ለደጋ የተመረጠ ዘር ለቴፒ ቆላ ላይስማማ ይችላል።

አሁን መጻፍ ችለናል። የትኛው ዛፍ በየትኛው ዓመት እንደታመመ፣ የትኛው ደህና እንደሆነ በደብተር እንመዝግብ። በማኅበር ስብሰባም እናንብበው። ምናልባት የሚቀጥለው ጥሩ ዘር ያለው በእኛ ጓሮ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ጥያቄዎች
1. ቡና መስጠትና እውቀት መስጠት በምን ይለያያሉ?
2. የቡና ፍሬ በሽታ በምን ይታወቃል?
3. በማሳችሁ ሌሎቹ ሲታመሙ ደህና የሆነ ዛፍ አለ? ለማን ነገራችሁ?