«አልገባኝም» ማለት ኢማን ማጣት ነውን?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ በደረሰው የእሳት ቃጠሎ ብዙ ነጋዴዎች የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አጡ። ከቀናት በኋላ ከመስጂድ ስንወጣ ሱቁ የተቃጠለበትን አንድ የማውቀውን ነጋዴ ሰዎች ከበው ሲያጽናኑት አገኘሁ። አንዱ «ኸይር ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ዘካ አጉድለህ እንዳይሆን ራስህን መርምር» ይለዋል። እርሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ አላህ የሚሠራውን እንደሚያውቅ አምናለሁ፤ ግን አልገባኝም። ይህ የኢማን ጉድለት ይሆን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስብ ግን የሁደይቢያ ታሪክ ትዝ አለኝ።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) 1,400 ያህል ሶሐቦችን አስከትለው ለዑምራ ወደ መካ ወጡ። መስጂደል ሐራም ሲገቡ በሕልማቸው አይተው ስለነበር ሶሐቦቹ በዚያው ጉዞ እንደሚገቡ አልተጠራጠሩም። ቁረይሾች ግን መንገድ ዘጉባቸው። ሁደይቢያ ላይም ስምምነት ተጻፈ። ሙስሊሞች በዚያ ዓመት ሳይገቡ ይመለሳሉ፤ ጦርነት ለ10 ዓመት ይቆማል፤ ከመካ ያለ ወገኖቹ ፈቃድ ወደ ረሱል የመጣ ይመለሳል፤ ከሙስሊሞች ወደ ቁረይሽ የሄደ ግን አይመለስም። በዚያው ሰዓት አቡ ጀንደል (ረ.ዐ) በሰንሰለት እንደታሰሩ ከመካ አምልጠው ደረሱ፤ በውሉም መሠረት ተመለሱ።

ዑመር (ረ.ዐ) ይህን መቀበል አቃታቸው። እኛ በሐቅ ላይ ሆነን ይህን ዝቅታ ለምን እንቀበላለን ሲሉ ረሱልን ጠየቁ፤ ቀጥሎም አቡበክርን (ረ.ዐ) ጠየቁ። ከሁለቱም ያገኙት መልስ አንድ ነበር። ዑመርን ኢማን የለህም ያላቸው ግን አልነበረም። እርሳቸውም ሳይገባቸው ከሰልፉ አልወጡም፤ በኋላም በንግግራቸው ተጸጽተው ብዙ መልካም ሥራ ሠሩ። ከዚህ የምንረዳው አለመግባት ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ሆኖም መታዘዝ እስኪገባን ድረስ እንደማይቆይ ነው።

በመልስ ጉዞ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወርዳ ያንን ቀን ድል አለችው። ከሁሉ የከበደችውን አንቀጽ እንኳ እንዲያስቀሩላቸው ረሱልን የለመኑት ቁረይሾች ራሳቸው ነበሩ። ምክንያቱም አቡ በሲር፣ አቡ ጀንደልና ሌሎች ወደ መዲና መግባት ስላልቻሉ በባሕሩ ዳርቻ ተሰባስበው የቁረይሽን የንግድ መንገድ አስጨነቁ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራም ረሱል 10,000 ሰው ይዘው መካ ገቡ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሶሐቦቹ የነገሩን ጥበብ በወሕይ ተነገሯቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥም በዓይናቸው አዩት። የእኛን ግን በዱንያ ላናየው እንችላለን። የዚያ ሰው ሱቅ ለምን እንደተቃጠለ ወሕይ የመጣለት ማንም የለም። «ዘካ አጉድለህ ነው» ማለት የአላህን ምስጢር አውቃለሁ እንደ ማለት ነው።

ተወኩልም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ረሱል ሁደይቢያ ላይ ዑስማንን (ረ.ዐ) መልእክተኛ አድርገው ወደ መካ ላኩ፤ ተደራደሩ፤ ተዋዋሉ። እኛም የምንሠራው አለን። በዱቤ ዕቃ የሰጣችሁት ነጋዴ ከተቃጠለበት፣ ቁርኣን ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንድንሰጥ እንደሚያዝ አስታውሱ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱም ዕዳ የከበደው ሰው ነው። በዘካ የጠረጠርነው ሰው ዛሬ ራሱ ዘካ የሚገባው ሊሆን ይችላል።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ያንን ወንድም ፈልጌ «ዑመርም አልገባቸውም ነበር» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንግዲያስ ሳይገባኝም እሰግዳለሁ» አለኝ።

አላህ ባልገባን ነገር ጽናትን፣ በሚገባን ነገር ሥራን ይስጠን። ኣሚን።