እየተመላለሰ ስለሚያስቸግር የእርሾ ማሳከክ

በእነዚህ ገጾች በየወሩ ስለ ውሃ፣ ስለ ሳሙናና ስለ ገላ ንጽሕና ስንመክር መቆየታችንን አንባብያን ያውቃሉ። በዛሬው ትምህርታችን ግን ሳሙና ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ጉዳት ስለሚያመጣበት አንድ ሕመም እንናገራለን። ነገሩ የሴቶች ሕመም በመሆኑ ብዙዎች በኀፍረት ይሸፍኑታል፤ እኛም እንጻፈው ወይስ እንተወው በማለት ጥቂት አመንትተን ነበር። ዳሩ ግን ሰው ያፈረበት በሽታ ከሐኪም ዘንድ ሳይደርስ በጎረቤት ምክር ስለሚታከም፣ ዝም ማለቱ የባሰ ሆኖ አገኘነው።

ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ማንነታቸውን የሚገልጠውንም ትተን፣ የአንዲት ታካሚን ነገር እናስቀድም። እኒህ ሴት መምህርት ናቸው፤ ከደጋ ከተማ ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውረው መጡ። በመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ በኀፍረተ ሥጋቸው ላይ ብርቱ ማሳከክ፣ እንደ አይብም የተቆራረሰ ነጭ ፈሳሽ ታየባቸው። ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ሔደው «ለኢንፌክሽን ነው» ተብሎ የተሰጣቸውን ካፕሱል ወሰዱ። ሕመሙ ጥቂት ታግሦ ተመለሰ። ሌላ ካፕሱል ወሰዱ፤ ዳግመኛ ተመለሰ። በዓመቱ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲነሣባቸው በቀን ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ ማታ ማታ ደግሞ በሎሚ ውሃ እስከ ውስጥ ድረስ ይታጠቡ ነበር። ወደ እኛ ያመጣቸው ግን ማሳከኩ አልነበረም። ባለቤታቸው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው መጠየቅ ጀምረው ነበር።

መልሱ ከየትም አልመጣም የሚል ነው። የሕመሙ ምክንያት ካንዲዳ የምትባል፣ ከእርሾ ወገን የሆነች ፈንገስ ናት። ካንዲዳ በብዙ ጤነኞች ሰዎች አፍና አንጀት፣ በብዙ ሴቶችም ብልት ውስጥ ጉዳት ሳታደርስ ትኖራለች። ጊዜ ሲመቻት ትበዛለች፤ በበዛችም ጊዜ ታሳክካለች። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚታመሙባት ይገመታል። ስለዚህ በግብረ ሥጋ ከሚተላለፉት በሽታዎች ጋር አትቈጠርም፤ በትዳሯ የታመነች ሴትም ሆነች ወንድ የማታውቅ ልጃገረድ ልትታመምባት ትችላለች። በዚህ ሕመም ምክንያት ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ያለ ማስረጃ ይፈርዳል።

የእርሾን ጠባይ የቤት እመቤት ከመጻሕፍት ይልቅ ታውቀዋለች። ሊጥ በደብረ ብርሃን ብርድ ቀስ ብሎ፣ በሮቢት ሙቀት ግን ፈጥኖ ይቦካል፤ ማር ያልገባበት ውሃም ጠጅ አይሆንም። ሙቀት፣ እርጥበትና ጣፋጭ ነገር ባለበት እርሾ ይበረታል። የካንዲዳም ጠባይ ከዚህ አይርቅም። ሆኖም መምህርቷ እንዳሰቡት ሁሉን በቆላው አየር ማሳበብ ስሕተት ነው፤ የሰው የውስጥ ሙቀት በደጋም በቆላም አንድ ነውና። ቆላው የሚያባብሰው በውጭ በኩል ያለውን ነው፤ በጭን መካከልና ከጡት ሥር ላብ ሲጠራቀም ቆዳው ይርሳል፤ ፈንገሷም እዚያ ትበቅላለች። ይህ በወንዶችም ይደርሳል። ስለዚህ ለይፋት ቆላ የሚስማማው ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ነው፤ ናይለንና የሚያጣብቅ ሱሪ ላብን ይይዛሉ። የውስጥ ልብሳቸውን ሰው እንዳያይባቸው ከአልጋ ሥር አስጥተው፣ ሳይደርቅ የሚለብሱም አሉ። ፀሐይ እንዲህ በሞላበት አገር እርጥብ ልብስ መልበስ ያሳዝናል፤ ስስ ነጠላ ጣል አድርጎበት ፀሐይ ላይ ማስጣት ይቻላል።

አንዳንዶች ደግሞ «እርሾ ያለበትን እንጀራ ተዉ» ብለው ይመክራሉ። ይህ መሠረት የለውም፤ የሊጡ እርሾ በምጣዱ ላይ ይሞታል፤ የሕመሙም ምክንያት እርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ካፕሱሉና ወደ ሳሙናው እንመለስ። በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ እርጎን ከሚያኮመጥጡት ጋር ዘመዳሞች የሆኑ ተሐዋስያን ይኖራሉ። እነዚህ አሲድ እያወጡ ስፍራውን ይጠብቃሉ። ለባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ የምንለው፣ እነዚህን ጠባቂዎች ይገድላል፤ ፈንገሷን ግን አይነካትም። ዘበኞቹን አስሮ ሌባውን እንደ መተው ነው። ሳሙናና ሎሚ ደግሞ ስሱን ቆዳ ያቃጥላሉ፤ የተቃጠለ ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳከካት ሴት አብዝታ ትታጠባለች። እንዲህ ሆኖ ፈንገሷ ከጠፋች በኋላ እንኳ ማሳከኩ የሚቀርባቸው አይተናል። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ ለውጩ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የወይባ ጢስ መሞቅም የቆየ ወግ ነው፤ ለገላ ስለሚሰጠው ወዝ አንከራከርም፤ የዚህ ሕመም መድኃኒት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ የተቈጣ ቆዳንም ሊያባብስ ይችላል።

የሚያሳክክ ሁሉ ደግሞ ካንዲዳ አይደለም። ፈሳሹ እንደ ዓሣ የሚሸት፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከእምብርት በታች ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ፣ ሌላ በሽታ ነው፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ከባልና ከሚስት ለሁለቱም ሕክምና የሚያሻቸው ናቸው። ይህን በግምት ከመለየት መመርመር ይሻላል። የወባን ተሐዋስ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ የካንዲዳንም ክሮችና እምቡጦች ያሳያል፤ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። መምህራን ይህን ያስተውሉ፦ ለአቅመ ሔዋን ባልደረሰች ልጅ ካንዲዳ እምብዛም አይታይምና፣ እንዲህ ያለ ማሳከክ ያላት ተማሪ የእርሾ መድኃኒት ሳይገዛላት በጤና ባለሙያ ትታይ።

የፈንገስ መድኃኒት ታሪኩ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤልዛቤት ሔዘንና ራሔል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች፣ በሁለት ከተማ ተቀምጠው ናሙናውን በፖስታ ቤት እየተላላኩ፣ ከአፈር ውስጥ ኒስታቲንን አገኙ፤ ስሙንም ከኒው ዮርክ ስቴት አወጡለት። ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት በብልት ውስጥ የሚገባው ክሎትሪማዞልና የሚዋጠው ፍሉኮናዞል ናቸው። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሕመም አንድ የ150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ብዙ ጊዜ ይበቃል። በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚመላለሰው ግን አይበቃም፤ በመጀመሪያው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ቀን ከተወሰደ በኋላ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይቀጥላል። ማሳከኩ ስለ ቆመ ብቻ መድኃኒቱን መተው አይገባም። ከስድስቱ ወር በኋላም እንኳ የሚመለስባቸው አሉ፤ እንግዲህ ያን ጊዜ ለተለመደው መድኃኒት የማትበገር ሌላ የካንዲዳ ዓይነት እንዳትሆን በላቦራቶሪ ይመረመራል። ነፍሰ ጡር ግን የሚዋጠውን አትወስድም፤ የሚገባውን ለሰባት ቀን ትጠቀማለች። ጉበቱን የሚያመውና ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ለሐኪም ይናገር።

ለሚመላለስባት ሴት የደም ስኳር እንመረምራለን፤ ማር ጠጁን እንደሚያፈላው የበዛ ስኳርም ፈንገሷን ያበረታታልና። የኤች አይ ቪ ምርመራም እንመክራለን፤ ኮርቲዞን ያለበት መድኃኒት ትወስድ እንደ ሆነም እንጠይቃለን። ከብዙዎቹ ግን ምንም ሌላ በሽታ አይገኝም፤ ስለዚህ ምርመራው ሊያስፈራ አይገባም።

ከመምህርቷም አልተገኘም። ማይክሮስኮፑ ካንዲዳን አሳየን፤ አንቲባዮቲኩን፣ ሳሙናውንና ሎሚውን አስተውናቸው የስድስቱን ወር መድኃኒት ጀመሩ። በፈቃዳቸው ባለቤታቸውን ጠርተን ከላይ የጻፍነውን ነገርናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ መድኃኒቱን ልውሰድ?» አሉ። ማሳከክ ወይም መቅላት ካልታየባቸው እንደማያስፈልጋቸው መለስንላቸው። ይህ ሲጻፍ መምህርቷ አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ማሳከኩም እስካሁን አልተመለሰም።