አደራችን የት ደረሰ?
ጓደኝነት በወጣቶች ጥፋትና በዳግም ጥፋት ላይ ያለው ድርሻ

ልጁ በጥፋት የተያዘበት ወላጅ ወደ ሰበካ ጉባኤ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ «ልጄ ጨዋ ነበር፤ ያበላሹት ጓደኞቹ ናቸው» ይላል። የጓደኛው ወላጅም በበኩሉ ስለዚሁ ልጅ ያንኑ ይናገራል። ሁለቱም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል። በዚህ ትምህርት እኩያ እንዴት እንደሚጥል፣ የወደቀውንም ለማንሣት አጥቢያችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንመለከታለን።

የቅዱስ ዮሐንስ አደራ

ክሌምንጦስ ዘእስክንድርያ የጻፈው፣ አውሳብዮስ ዘቂሳርያም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ያኖረው አንድ ታሪክ አለ። ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ አንድን ወጣት ለአንድ ኤጲስ ቆጶስ በአደራ ሰጠው። ኤጲስ ቆጶሱም ወጣቱን በቤቱ ተቀብሎ አሳደገው፣ አስተማረው፣ አጠመቀው። ከጥምቀቱ በኋላ ግን ማኅተሙ ይበቃዋል በማለት ጥበቃውን አላላ። ያን ጊዜ ሥራ ፈት እኩዮች ቀረቡት፤ መጀመሪያ በግብዣ አባበሉት፣ ቀጥሎም ለሌሊት ዝርፊያ ይዘውት ወጡ፣ በመጨረሻም የሽፍቶች አለቃ ሆነ። ሐዋርያው ተመልሶ አደራውን ሲጠይቅ ወጣቱ ለእግዚአብሔር እንደ ሞተ ተነገረው። እርሱ ግን በፈረስ ወደ ተራራው ሄደ። አለቃው አፍሮ ሲሸሽ ሽምግልናውን ረስቶ ተከተለው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም መልሶ እስኪጸና ድረስ አልተለየውም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። ወጣቱ የወደቀው ትምህርት አጥቶ ሳይሆን ጥበቃው በላላበት ሰዓት ነው። እኩዮቹ የጀመሩት በወንጀል ሳይሆን በማዕድ ነው። የተመለሰውም በተላከ ምክር ሳይሆን አብሮት በቆየ አባት ነው።

እኩያ እንዴት ይስባል?

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተደረጉ ጥናቶች፣ በፍርድ ቤት ከቀረቡ ልጆች አብዛኞቹ ጥፋቱን የፈጸሙት ብቻቸውን ሳይሆን ከጓደኛ ጋር መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 306 ሰዎችን በመኪና መንዳት ጨዋታ ፈትኗል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት ጓደኞቻቸው ሲመለከቷቸው ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ደፋሮች ሆነው ተገኙ፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ልጅ ማታ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ሁልጊዜ ግብዝ ነው ማለት አይደለም። ብቻውን ሳለ የሚያውቀውን በእኩዮቹ ዓይን ፊት ይጥለዋል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በጓደኛ ላይ መጣል አይገባም። ልጁም ጓደኛውን ይመርጣል። ቤቱ የማያስጠጋው፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ በሰፈሩ «ሌባ» የተባለ ልጅ ስም ሳያወጣ ወደሚቀበለው ይሄዳል። ከማረሚያ ሲወጣም ሌሎች በራቸውን ሲዘጉበት የቀድሞ ጓደኞቹ ብቻ ይቀበሉታል። የዳግም ጥፋት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በጎ አሳብ የጎዳበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1945 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ዶክተር ሪቻርድ ካቦት በጀመሩት ሥራ ከ500 በላይ ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ መካሪ፣ የትምህርት እገዛ፣ ሕክምናና የክረምት ካምፕ አገኙ፤ ግማሾቹ አላገኙም። ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባሉት ተመራማሪ ሲከታተሉ፣ የተረዱት ካልተረዱት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ረገድ የባሰባቸው ነበሩ። በኋላ በተደረገ ምርመራ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ካምፕ በተላኩት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ችግር ያለባቸው ልጆች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ጥፋታቸው እየተሳሳቁ አንዱ የሌላው መምህር ይሆናል።

ይህ በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያለነውን እኛን ይገሥጸናል። «ችግረኛ ወጣቶችን» በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ለቆጠራና ለሪፖርት ይመቻል፤ ለልጆቹ ግን ላይመች ይችላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል። ይህ ታላቅ ጥበቃ ነው፤ እርስ በርሳቸው ከሚያደርጉት ተጽዕኖ ግን ብቻውን አያድናቸውም።

አጥቢያው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የተመለሱትን ለብቻቸው አንሰብስብ። አንዱን በመዝሙር ክፍል፣ ሌላውን በአብነት ትምህርት፣ ሦስተኛውን በእጅ ሙያ ከጸኑ ወጣቶች መካከል እናስቀምጥ። ወላጆች «የእኛንም ልጆች ያበላሽብናል» ብለው ቢሰጉ ሥጋታቸው መሠረት አለው። አንዱን በብዙዎች መካከል፣ በአዋቂ ዓይን ሥር የምናደርገውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከንስሐ አባቱ ጋር አንድ ተጠሪ ይመደብ። በማረሚያ ሳለ ይጠይቀው፤ ከወጣ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ያግኘው። በተለይ ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ያለው የምሽት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚያልፍ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ ሕጉን እንወቅ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ደግሞ የእርምት እርምጃዎችን ያስቀድማል። ከእነዚህም አንዱ፣ ዘመድ ባይኖር ወይም ባይችል፣ ልጁን ለታመነ ሰው በአደራ መስጠት ነው። ሰበካ ጉባኤው እንዲህ ያሉ ምእመናንን አስቀድሞ ቢያዘጋጅና ለፍርድ ቤት ቢያሳውቅ ልጁ ከማረሚያ በፊት ሌላ በር ያገኛል።

ለውይይት

፩. ባለፈው ዓመት ከአጥቢያችን ልጆች የታሰሩት እነማን ናቸው? ማን ጠየቃቸው?
፪. ከሰንበት ትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች በስንተኛው ሳምንት እንፈልጋቸዋለን?
፫. ዛሬ ከማረሚያ የሚመለስ ልጅ ቢመጣ ከእነማን ጋር እናስቀምጠዋለን?

አደራ የሰጠን ጌታ በጊዜው ይጠይቀናል። ያን ጊዜ «ሞቷል» ከምንል ዛሬ ወደ ተራራው እንውጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።