ቅጣት ማለቂያ እንዳለው፤ ስለ ቀላል ጥፋትና ስለ መሰየም

ሕግ ሰውን የሚቀጣው ሊያጠፋው አይደለም፤ እርሱ እንዲታረም፥ ሌላውም አይቶ እንዲጠነቀቅ ነው። ስለዚህ ቅጣት እንደ ዕዳ ነው። ዕዳ ተቈጥሮ ይከፈላል፥ ተከፍሎም ያልቃል። ነገር ግን በብዙ መንደር የዳኛው ቅጣት ካለቀ በኋላ የጎረቤት ቅጣት ይቀጥላል። በገበያ ቀን ተጣልቶ ጥቂት ወር የታሰረ ሰው፥ ከተፈታ ከብዙ ዓመት በኋላም ስሙ ሲነሣ «ያ እስረኛ» ይባላል፤ ልጁም በትምህርት ቤት በአባቱ ጥፋት ይሰደባል። ይህ ማንም ዳኛ ያልፈረደው ሁለተኛ ቅጣት ነው። አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሎች ሕጉ በዚህ ነገር የሚለውን ዐውቀው ለሌላው ማስረዳት ይገባቸዋል።

1ኛ፤ ጥፋት ሁሉ አንድ እንዳይደለ

አገራችን በ1923 ዓ.ም. የመቅጫ ሕግ አወጣች፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የሰፋ ሕግ ታወጀ። ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ነው። ይህ ሕግ ጥፋትን በሁለት ይከፍላል፤ አንደኛው ወንጀል፥ ሁለተኛው ደንብ መተላለፍ ይባላል።

ደንብ መተላለፍ ትንሹ ጥፋት ነው። በሌሊት እየጮኹ የሰውን ዕረፍት መንሣት፥ በአገሩ የሚሠራበትን ገንዘብ አልቀበልም ማለት፥ ሰውን ሳያቈስሉ በእጅ መግፋት፥ እነዚህን የመሰለው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ቅጣቱም እንደ ደንቡ ከ1 ቀን እስከ 3 ወር በማረፊያ ቤት መቈየት፥ ወይም ከ1 ብር እስከ 300 ብር መቀጮ መክፈል ነው።

የወንጀል ቅጣት ከዚህ ይከብዳል። ከዚህም ዝቅተኛው እስራት ቀላል እስራት የሚባለው ሲሆን፥ ዘመኑ እንደ ደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጽኑ እስራት ግን ለከባድ ወንጀል የተመደበ ሆኖ ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። እንግዲህ ለሁሉም «ወንጀለኛ» የሚል አንድ ስም የሚሰጥ ሰው፥ ሕጉ የለየውን ይደባልቃል።

ደግሞም መከሰስና መፈረድ ልዩ ልዩ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 እንደሚያዝዘው፥ የተከሰሰ ሰው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቈጠራል።

2ኛ፤ ከቅጣት በኋላ የሚከተለው

የተፈረደበት ሰው ከእስራቱና ከመቀጮው ሌላ የሚደርስበት ነገር አለ። ዳኛው የጥፋቱን ዓይነት አይቶ፥ ሰውየው እንዳይመርጥና እንዳይመረጥ፥ በውል ላይ ምስክር ወይም ዋስ እንዳይሆን፥ አንዳንድ ጊዜም ሙያውን እንዳይሠራበት ሊከለክለው ይችላል። ይህ ክልከላ ለጊዜው ሲሆን ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ነው። ነገር ግን ሽማግሎች ያስተውሉ፤ በቀላል ጥፋት ጊዜ እንዲህ ያለው መብት የሚቀረው ዳኛው በፍርዱ ሲያዝዝ እንጂ፥ ጎረቤት ከራሱ አንሥቶ «አንተ ታስረሃልና ዋስ አትሆንም» ሲል አይደለም።

ሁለተኛውም፥ የወንጀል ፍርዱ በፖሊስ መዝገብ ይጻፋል። ሰውየው ወይም የሚቀጥረው «ከወንጀል ነጻ ነው» የሚል ማስረጃ በፈለገ ጊዜ ያ ጽሑፍ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሥራ አግኝቶ በደጁ ሲመለስ ነው።

3ኛ፤ ስም ሳይበላሽ አስቀድሞ ስለ መጠንቀቅ

በቀላል ነገር የሚነሣ ክስ፥ ስድብን እንደ መሰለው፥ ብዙ ጊዜ በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የቆመ ነው። ተበዳዩም ነገሩን ባወቀ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከተ ክሱ አይቀርብም። በዚህ ጊዜ ሽማግሎች አስታርቀው ካሳውን አስከፍለው ነገሩን ቢጨርሱ መልካም ነው። ነገር ግን ነፍስ መግደልን፥ ሴት ልጅ መጥለፍንና መድፈርን የመሰለ ከባድ ወንጀል በዕርቅ ሸፍኖ ከዳኛ ማስቀረት አይቻልም፤ ይህን የሚያደርግ ሽማግሌ በዳይን ያደፋፍራል፥ ተበዳይንም ይጐዳል።

ዳኛውም ከዚህ ቀደም ያልተፈረደበትን ሰው ቀላል ጥፋት አጥፍቶ ቢያገኘው፥ ቅጣቱን ሳይወስን የፈተና ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ሰውየው ጊዜውን በመልካም ጠባይ ከፈጸመ ጥፋቱ እንዳልነበረ ይቈጠርለታል፤ ቃሉን ካፈረሰ ግን ይቀጣል። ስለዚህ ተከሳሽ በፍርድ ቤት ቆሞ ጸባዩን፥ ሥራውንና የቤተ ሰቡን ነገር ማስረዳት እንጂ ዝም ማለት አይጠቅመውም።

አስተማሪዎች ደግሞ ይህን ይወቁ። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 ዓመት እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅም ለዐዋቂ በተመደበው ቅጣት አይቀጣም፥ ከዐዋቂ ወንጀለኛም ጋራ አይታሰርም።

4ኛ፤ ስለ ይቅርታ፥ ስለ ምሕረትና ስለ መሰየም

እነዚህ ሦስቱ ቃሎች በሰው አፍ ይደባለቃሉ፤ በሕግ ግን ይለያያሉ። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያወጣውም። ምሕረት ግን በወንጀሉ ምክንያት የመጣውን ፍርድ ጭምር ይሽራል። ሁለቱም የሚመጡት ከመንግሥት በጎ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው መሰየም ነው፤ ይህም ቅጣቱን ለጨረሰና ለታረመ ሰው የቀድሞ ስሙን መመለስ ማለት ነው። ይህን ሰውየው ራሱ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ይጠይቃል። ካልጠየቀ ግን ጊዜው ስለ ሄደ ብቻ በራሱ አይመጣለትም።

ለመሰየም የሚፈለገው እንዲህ ነው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ቢያንስ 5 ዓመት፥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ የተፈረደበት ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት ሊያልፈው ይገባል። በዚህም ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ የኖረ፥ ለተበዳዩ የሚገባውን ካሳና የፍርድ ቤቱን ኪሣራ እንደ ዐቅሙ የከፈለ መሆን አለበት።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ በወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን በዱላ መታ እንበል። ዳኛው የ4 ወር ቀላል እስራት ፈረደበት፤ ጥቅምት 10 ቀን ገብቶ የካቲት 10 ቀን ተፈታ። 2 ዓመቱ የሚቈጠረው ከየካቲት 10 ነው እንጂ ከተፈረደበት ቀን አይደለም። ገበሬው በዚያ ጊዜ ለተመታው ጎረቤቱ የመታከሚያውን ገንዘብ ከፍሎ ደረሰኙን አኑሯል። ጊዜው በደረሰ ጊዜ የፍርዱን ግልባጭ፥ መፈታቱን የሚያሳይ ወረቀትና የካሳውን ደረሰኝ አያይዞ በጽሑፍ ያመለክታል። ጠባዩን የሚያውቁ ሽማግሎች ቢመሰክሩለት ልመናው ይበረታል። መጻፍ የማይችል ከሆነም አስተማሪው ማመልከቻውን ቢጽፍለት ትልቅ ደግ ሥራ ነው። ዳኛው የፈቀደለት እንደ ሆነ የውሳኔውን ግልባጭ ተቀብሎ በፖሊስ መዝገብ ያለው ስሙ መሰረዙን ያረጋግጥ።

5ኛ፤ የተሰየመን ሰው ስለ ማክበር

የተሰየመ ሰው የተከለከለው መብት ለወደፊት ይመለስለታል፤ ፍርዱም ከመዝገብ ተሰርዞ እንዳልነበረ ይቈጠራል። በኋላ ተመልሶ ከባድ ወንጀል ቢሠራ ግን ውሳኔው ሊሻርበት ይችላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሕጉ አንድ ታላቅ ነገር ጨምሯል። የተሰየመውን ሰው በክፋት ተነሣሥቶ በአሮጌው ፍርድ የሚሰድብ፥ የሰውን ክብር በመንካት ይጠየቃል፤ «የተናገርሁት እውነት ነው» ማለትም አያድነውም። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛው «በሕግ አምላክ» ቢል፥ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። ዱላን የሚያቆም ሕግ ምላስንም ያቆማል። ዕዳውን የከፈለ ሰው እንደ ገና ቢጠየቅ ሁሉም «ግፍ ነው» ይላል፤ ቅጣቱን የጨረሰ ሰውም ነገሩ ይኸው ነው። ወደ ሰው መካከል የሚመለስበት በር የተዘጋበት ሰው ወደ ጥፋቱ ይመለሳል፤ በሩን ከፍቶ የሚቀበለው መንደር ግን አንድ ሠራተኛ፥ አንድ አባት፥ አንድ ጎረቤት ያተርፋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በወንጀልና በደንብ መተላለፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. ይቅርታ ከመሰየም በምን ይለያል?
3. በምሳሌው የተነገረው ገበሬ 2 ዓመቱ የሚቈጠርለት ከየትኛው ቀን ነው? ስለ ምን?
4. በአባቱ አሮጌ ጥፋት ጓደኛውን የሚሰድብ ተማሪ ቢገኝ፥ አስተማሪው ምን ብሎ ሊመክረው ይገባል?