ጣርማ በር ላይ የሚፈላ ራዲያተርና ሞተር ውስጥ የሚጋገር ዝቃጭ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ዋሻውን ካወጣ ጀምሮ ይህ ዳገት የሞተር መፈተኛ ነው። ኮፋኖውን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ፣ ራዲያተሩ እንፋሎት የሚተፋ አሮጌ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ለመንገዱ ደንበኞች ብርቅ አይደለም። ሹፌሩ ውሃ ሞልቶ ይቀጥላል። ጋራዥ ሲገባ ደግሞ “ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፤ ሁለተኛ አይሞቅብህም” ይባላል። ይወጣል፤ እንደተባለውም አይሞቅም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ የዚያው መኪና የዘይት መሙያ ክዳን ሲከፈት ግን ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮ ይገኛል። ያኔ ባለቤቱ ሞተር ማጠቢያ ፍለጋ ከመለዋወጫ ሱቅ መለዋወጫ ሱቅ ይዞራል።

የፈላው ራዲያተርና የዘቀጠው ዘይት የአንድ ችግር ሁለት ጫፍ መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ደጋ ላይ የሚነዳ አሮጌ ሞተር እጥበቱ መጀመር ያለበት ከራዲያተሩ ክዳን ነው እላለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ጣርማ በር ላይ አየሩ ስስ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ክፍት ማሰሮ ውስጥ ያለ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመኪና ራዲያተር ግን ክፍት ማሰሮ አይደለም። ክዳኑ ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ውስጡ ያለውን ውሃ በግፊት አፍኖ ይይዝና መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ አፈናው ይቀርና ውሃው ወደ ተፈጥሮ መፍያው ይወርዳል። አሁን ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ቫልቭ እንይ። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ያለው በ82 ዲግሪ መከፈት ጀምሮ 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ስለዚህ ክዳኑ በሞተ መኪና ጣርማ በር ላይ ውሃው የሚፈላው ሞተሩ ገና በጤናማ የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ነው። ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ ወይም የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፋን፣ ያለ ኩላንት የተሞላ ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። የሚቀጣው ግን ቴርሞስታቱ ነው።

ቴርሞስታት የወጣለት ሞተር ዳገት ላይ ይተነፍስ ይሆናል። ሜዳው ላይ ግን አይሞቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ የሚጥልበት ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ውሃው በራዲያተሩ በኩል መዞር ይጀምርና የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ሳይነሣ ሰውየው ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ በማርሽ ተይዞ፣ ነዳጅ እምብዛም ሳያቃጥል፣ ብርድ እየተነፈሰበት ጭራሽ ይቀዘቅዛል።

ቅዝቃዜው ዘይቱን የሚጎዳው በውሃ በኩል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወለዳል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ፋሻዎቹ ጠርዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ይህ ውሃ ተንኖ፣ ፒሲቪ በሚባለው ትንሽ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ይሳብና ይቃጠላል። ዘይቱ ካልሞቀ እዚያው ይቀራል። ልብ በሉ፣ ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ የዳሽቦርዱ ቀስት መሐል ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። ከፍታው ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጨምራል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ኮሮላ ለቆላ አየር ተስተካክሎ ከተሠራ፣ እዚህ አየሩ ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ያልተቃጠለ ቤንዚንና ጥላሸት ከውሃው ጋር ዘይቱ ውስጥ ይገባሉ። የዘይት ልኬት በትሩን ስትስቡ መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ካያችሁት ደስ አይበላችሁ፤ የጨመረው ዘይት አይደለም።

ጥሩ የሞተር ዘይት ይህን ሁሉ ቆሻሻ ለጊዜው ይሸከማል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ኬሚካል አለ፦ አንዱ አሲድ እየገደለ ብረቱን የሚያጥብ፣ ሌላው ጥላሸቱን በጥቃቅኑ በትኖ እንዳይገናኝ የሚይዝ። እነዚህ ሲያልቁ ቆሻሻው ይገናኝና ይዘቅጣል። ለስላሳው፣ በጣት የሚጠረገው ጥቁር ነገር ዝቃጭ ነው፤ በአብዛኛው የብርድና የውሃ ልጅ። ቫርኒሽ ከዚህ ይለያል። እሱ ከሙቀት የሚመጣ፣ ዘይት ብረት ላይ ተቃጥሎ የሚተወው ስስ ቡናማ ልባስ ነው፤ ብዙ ዘመን ያገለገለ ጀበና ውስጡን እንደሚለብሰው ያለ። ስስ ቫርኒሽ ቫልቭ ክዳኑ ሥር ቢታይ ምንም አይደለም፣ ተዉት። የሚያስቸግረው ፋሻዎቹ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ፋሻውን ሲያጣብቀው ነው።

ዝቃጭ የአያያዝ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ቶዮታ ራሱ ከ1997 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በሠራቸው ሁለት ዓይነት የቤንዚን ሞተሮች ላይ ከፍተኛ የዝቃጭ አቤቱታ ቀርቦበት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. 3.3 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን የሚሸፍን የጥገና ዋስትና ሰጥቷል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ማየት ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከተቻለ የቫልቭ ክዳኑን ቡሎኖች ፈታችሁ አንሡት። ክዳኑ ሥር ቡናማ ነጭ አረፋ ብቻ ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተደባልቋል ማለት ነው። በብርድ አገር ይህ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አለመሞቁን ይናገራል፤ የቴስታታ ጋስኬት ተበልቷል ብሎ ለመደምደም ግን ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለበት መሆኑን፣ በትሩ ላይ ያለው ዘይትም ራሱ ወተት የመሰለ መሆኑን አረጋግጡ። ለስላሳ ጥቁር ዝቃጭ ካለ በዘይት ሊታጠብ ይችላል። ጠንካራ፣ በካቻቢቴ ሲነካ እንደ ከሰል የሚሰባበር ቅርፊት ካለ ግን ምንም ፈሳሽ አትጨምሩበት። ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ምንጩን መድፈን። አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ለሞተሩ የሚስማማ ቴርሞስታት፣ ከባዶ ውሃ ይልቅ ኩላንት። ፒሲቪ ቫልቩን አውጥታችሁ አወዛውዙት፤ የማይንቀጫቀጭ ከሆነ ተደፍኗልና በካርቡራተር ማጠቢያ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ዋጋው ከሞተር ማውረጃው ጋር አይነጻጸርም። ካርቡራተሩን ከፍታውን በሚያውቅ ባለሙያ አስተካክሉ፤ ጠዋት የሚሳበው ቾክ ሳይመለስ አለመቅረቱንም ተመልከቱ። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ ትኩስ እያለ አይከፈትም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ፊታቸው የተቃጠለ ሹፌሮች አሁንም አሉ።

ምንጩ ካልተደፈነ ማጠቡ ከንቱ ድካም ነው፤ ዝቃጩ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ በዘይት ማጠብ። ከሁሉ የተሻለው ማጠቢያ ራሱ አዲስ ዘይት ነው፤ ጊዜ ከተሰጠው። ሞተሩ እስኪሞቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብታችሁ፣ ክሪክ ብቻውን ተማምናችሁ ሥሩ ሳትገቡ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። ፊልትሮውን ቀይሩ። ፊልትሮ ሲደፈን ውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ወደ ሞተሩ ስለሚለቅ፣ በሚታጠብ ሞተር ላይ ፊልትሮን መቆጠብ ቆሻሻውን መልሶ ማጠጣት ነው። ዘይቱን ስትገዙ ከታሸገ ዕቃና ከምታምኑት ሱቅ ይሁን፤ በጀርባው የዘይት ጥራት የሚያሳየው የኤፒአይ ደረጃ ይኑረው። ለቤንዚን ሞተር ኤስኤል፣ ኤስኤም ወይም ኤስኤን፤ ለናፍጣ ሲአይ-4 ጥሩ ነው። ውፍረቱን በተመለከተ ሞተሩ አርጅቷል ተብሎ 20ደብሊው-50 ማንቆርቆር ልማድ ሆኗል። በደጋ ብርድ ጠዋት ግን ወፍራም ዘይት ላይኛው የቫልቭ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደ 15ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-40 ይሻላል።

ከዚያ ንዱት። እንደ ወትሮው ገበያና ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ዘይቱ በደንብ የሚሞቅበት ረጅም መንገድ ይሁን፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለዚህ ሥራ ይመቻል። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ፊልትሮውን ብቻ ቀይሩ፤ የጎደለውን ዘይት ሙሉ። 1,000 ወይም 1,500 ላይ ሁለቱንም ቀይሩ። ዘይቱ በጥቂት ቀን ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የወጣውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። ጥቁር ቅንጣት ካለ ዝቃጩ እየለቀቀ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ ግን የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚን እየተበላ ነውና ጉዳዩ ከእጥበት ያለፈ ነው። ይህን ዑደት ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገማችሁ በኋላ ወደ ተለመደው የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ተመለሱ። ኮሮላ የሚያክል ሞተር ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ወጪው ይሰማል፣ ግን አይገድልም።

ሱቅ የሚሸጠው የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽስ? አብዛኛው ቀጭን የነዳጅ ውጤትና ጥቂት የማጠቢያ ኬሚካል ነው። አሮጌው ዘይት ላይ ተጨምሮ፣ ሞተሩ በሚኒሞ 10 ወይም 15 ደቂቃ እንዲሠራ ተደርጎ ወዲያው ይፈስሳል። ዘይቱን ስለሚያቀጥነው በዚያ ሰዓት መኪናውን መንዳት ወይም ቤንዚን መርገጥ አይፈቀድም። ለስላሳ ዝቃጭ ባለበት፣ የዘይት ግፊቱ ጤናማ በሆነ ሞተር ላይ ሊረዳ ይችላል። ጠንካራ ቅርፊት ባለበት ግን አደገኛ ነው። ቅርፊቱ አይሟሟም፤ ተሰባብሮ ይወርድና የዘይት ፓምፑ ከገንዳው የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት ወደ ብሮንዚኖቹ መድረሱን ያቆማል፤ ሞተርን ለመጨረስ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው። “ከታጠበ በኋላ ሞተሩ ነከሰ” የሚባለው ታሪክ በአብዛኛው ይህ ነው። የዘይት ግፊት መብራቱ ለአፍታ ብልጭ ካለ ቁልፉን አጥፉ፤ ቤት እስክደርስ አትበሉ።

ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ጨምሮ ማጠብ የአባቶች ልማድ ነው፤ አንዳንድ ጋራዥ ዛሬም ይሠራበታል። የድሮ ዘይቶች ማጠቢያ ኬሚካል እምብዛም በሌላቸው ዘመን ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ናፍጣ በብረትና በብረት መካከል የሚቆም ወፍራም ሽፋን የለውም፤ ከፈሰሰ በኋላም በቱቦዎቹ ውስጥ የሚቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ቤንዚን ደግሞ ጭራሽ አይነሣ፤ ከትኩስ ሞተር ጋር ሲገናኝ እሳት ነው። ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት “ያጥባል” ብለው የሚጨምሩም አሉ፤ ከሞተር ዘይት ያነሰ ማጠቢያ ስላለው ድካሙ ለባዶ ነው።

ቅርፊት ላለበት ሞተር ትክክለኛው መንገድ እጅ ነው። የቫልቭ ክዳኑን አንሥቶ በፕላስቲክ መፋቂያ መጥረግ፣ የፈረሰውም ወደ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች እንዳይገባ በጨርቅ መድፈን (ጨርቁን መቁጠር አይረሳ)፣ ከዚያም ከታች የዘይት ገንዳውን ፈትቶ ወንፊቱን ማጽዳት። አንድ ቅዳሜና አዲስ ጋስኬት የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ገንዳውን ለማውረድ የሞተር መቀመጫ መፍታት የሚጠይቅ መኪና ከሆነ ለመካኒክ ስጡት። ከቁልቁለት መጨረሻ ደብረ ሲና ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ የቤንዚን መኪና ደግሞ ፋሻው ተጣብቆ ወይም የቫልቭ ጎማው ደርቆ ይሆናል። የተጣበቀ ፋሻ በዘይት ዑደቱ ቀስ እያለ ሊላቀቅ ይችላል፤ የደረቀ ጎማ ግን መቀየር እንጂ መታጠብ አያድነውም።

ይህን ያህል መልፋት አሮጌ መኪና ላይ ይገባል ወይ የሚል ካለ፣ ገበያውን ይመልከት። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለን ሞተር ይዘን ነው የምንቆየው።

በመጨረሻ የወጣው ጥቁር ዘይት። ሦስት አራት ዑደት ማለት ከ10 ሊትር በላይ ቆሻሻ ዘይት ነው። ጣርማ በር የውሃ መለያያ ነው፤ በደብረ ብርሃን በኩል ያለው ጅረት በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ፣ በደብረ ሲና በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። የትም ቢደፋ የአንዱን ውሃ ያበላሻል። ዘይቱ በመጣበት ጀሪካን መልሳችሁ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ፊልትሮውንም ከመጣላችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉት፤ ውስጡ የቀረው ጥቂት አይደለም።