አያታችሁ መቼ ተወለዱ?

የልደት ወረቀት በመፈለግ አትጀምሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ገጠር የተወለደ ሰው ወረቀቱ ትልልቅ ሰዎች አፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ ከዘመድ በዕድሜ የገፉትን ያዙ፤ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁ ይቅዳ።

«መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የኅዳር በሽታ ሲገባ የት ነበሩ? ጣልያን ሲመጣ አግብተው ነበር?» በሉ። የእኛ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በደረሰበት ነገር ነው፤ ዓመቱን ማስቀመጥ የእናንተ ፋንታ ነው። የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928 ዓ.ም. ነው።

አክስቴ ስለ አያቴ ስጠይቃት፣ «በኅዳር በሽታ እናቷ ስትሞት የአምስት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በዘመነ ማርቆስ ነው የተወለደች» አለችኝ። ይህ በቂ ነው። በዕድሜዋ ስንሄድ ልደቷ ከ1904 እስከ 1906 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አሁን ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት፦ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ከሦስቱ 2 የሚተርፈው 1906 ብቻ ነው። ክርስትና የተነሣችበት ዕለት ከታወቀ ደግሞ ቀኑም ይገኛል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች አትርሷት።

የክርስትና ስምም ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው በእሱ ነው። ወደ ደብሩ ሄዳችሁ ቄሰ ገበዙን ስታነጋግሩ የዓለም ስሙን ብቻ ከያዛችሁ ብዙም አትራመዱም። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ስጦታና የመሬት ጉዳይ መጻፍ የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህንንም ጠይቁ።

ቀጥሎ ሳጥኑን ክፈቱ። የግብር ደረሰኝ፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት የነበረ የርስት ክርክር፤ ምንም አትጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው የርስት ክርክሩ ነው፤ ተከራካሪው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበትና። ግን ሰው ለጥቅሙም ይቆጥራል፤ የባላጋራውን ቆጠራ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩት።

አዲስ አበባ ወመዘክር ወይም ሌላ መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን እስከ አያት አዘጋጁ፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለን አንድ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። በፊደሉም አትታለሉ። ኃይሉ ብላችሁ ያጣችሁትን ሐይሉ ወይም ሀይሉ ብላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ማዕረግም ይለወጣል፤ ባላምባራስ የነበረው ሌላ ወረቀት ላይ ግራዝማች ሊሆን ይችላል።

የሰማችሁትን ሁሉ ማን እንደ ነገራችሁና መቼ እንደ ሆነ ከጎኑ ጻፉ። ከዚያ ለነገሯችሁ ሰዎች መልሳችሁ አንብቡላቸው። እኔ ለአክስቴ ሳነብላት አዳምጣ አዳምጣ፣ «በኅዳር በሽታ የሞተችው እንጀራ እናቷ ናት፤ ወላጅ እናቷማ ቀደም ብላ ነው የሞተች» አለችኝ። የወላጇን ስም የጻፍኩት ያን ዕለት ነው።